«95ን ይዤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ፤ እንዴት 395 ላይ ተገኘሁ?» የአሜሪካ ሀይዌይ ቁጥሮች፦ ችግርና መፍትሄ

ጎዶሎው ቁጥር ሰሜንና ደቡብ፣ ተጋማሹ ምሥራቅና ምዕራብ እንደሚሄድ፣ በ0 ወይም በ5 የሚያልቀው ረጅሙ መስመር እንደሆነ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህ ሕግ አገር ሲያቋርጡ ይሠራል። ሰው የሚጠፋው ከተማ ውስጥ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሀይዌይ ተገናኝተው ለጥቂት ማይል አንድ አስፋልት ተጋርተው ሲለያዩ።

ከዚህ በታች ኖርዝ፣ ሳውዝ፣ ኢስት፣ ዌስት ሲባል ታፔላው ላይ የተጻፈው ነው። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ሲባል ኮምፓሱ የሚያሳየው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የግማሹ ችግር መነሻም እነሱን አንድ አድርጎ ማየት ነው።

ችግር፦ «ሌን ሳልቀይር ቁጥሩ ተቀየረ»

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ምክንያቱ ቁጥሩ የአስፋልቱ አለመሆኑ ነው። ቁጥር ካርታ ላይ የሚቀጥል ስም ነው፤ አስፋልቱ ወደ ፊት ሲቀጥል ቁጥሩ በቀኝ መውጫ ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ 95 ላይ ለመቆየት ከ95 መውጣት ግድ ይሆናል።

ዋናው ቦታ ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂንያ ነው። ከሪችመንድ በ95 ኖርዝ የመጣ ሰው መሀሉን ይዞ ቀጥ ካለ 395 ላይ ነው፤ ፔንታገንን አልፎ ዋሽንግተን ዲሲ ይገባል። 95 ግን በቀኝ በኤግዚት (መውጫ) 170ኤ ወጥቶ ቤልትዌይን፣ ማለትም ዲሲን የሚዞረውን 495 የተባለ ቀለበት መንገድ፣ ይይዛል፤ በውድሮው ዊልሰን ድልድይም ወደ ሜሪላንድ ይሻገራል። 170ቢ ደግሞ በ495 ኖርዝ ወደ ታይሰንስ ይወስዳል። እንዲህ የሆነው 95 መጀመሪያ ዲሲን ሰንጥቆ እንዲያልፍ ታቅዶ ስለነበረ ነው። የከተማው ክፍል ሳይሠራ ተሰረዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የ95 ቁጥር ወደ ቀለበቱ ምሥራቃዊ ግማሽ ተዛወረ፤ ወደ ከተማ የገባው ቁራጭ 395 ተባለ። አስፋልቱ ግን በመጀመሪያው ዕቅድ እንደተሠራ ቀረ፤ ለዚህ ነው ቀጥታው መንገድ ዛሬም ወደ ዲሲ የሚያመራው።

የዚያው ዕቅድ ሌላኛው ጫፍ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ነው። ከዊልሰን ድልድይ በ95 ኖርዝ የሚመጣው እዚህም ቀጥ ካለ ቁጥሩ ይጠፋበትና በ495 ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዳል። ባልቲሞር የሚፈልግ በኤግዚት 27 መውጣት አለበት። ከቀለበቱ ወደ ዲሲ ሊገባ ታስቦ የተጀመረው ጉማጅ መንገድ አሁን መኪና አቁሞ አውቶቡስ መያዣ ነው።

ባልቲሞር የሚደርስ ጭነት ይዞ ፔንታገን አጠገብ የሚገኝ ሹፌር አጠፋፉ ሁልጊዜ አንድ ነው። ስልኩ «ቀኙን ያዝ» ሲል እሱ ግራ ሌን ላይ ነበር፤ በቀኙ ትሬይለሮች ተደርድረው ታፔላውን ጋርደውታል፤ «95 ላይ ስለሆንኩ ቀጥ ልበል» ብሎ አለፈ። የጂፒኤስ ጥፋት አይደለም። ጂፒኤሱ በጊዜው ተናግሯል፤ ሹፌሩ ግን ከቁጥሩ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም።

መፍትሄው መሪ ከመያዝ በፊት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ መቀየሪያ ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ ቁጥሩን፣ የታፔላውን አቅጣጫ፣ የከተማውን ስም። «95» ብቻ አይበቃም፤ «95 ኖርዝ፣ ባልቲሞር» በሉ። ሦስቱ አንድ ታፔላ ላይ ካልተገናኙ መስመሩ የእናንተ አይደለም። መገናኛው 2 ማይል ሲቀረው ወደ ቀኝ ሌኖች ግቡ። ታፔላው ግርጌ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ላይ «ኤግዚት ኦንሊ» ካለ ያ ሌን ይወጣል፣ ምርጫ የለውም። ቢጫው ላይ «ሌፍት» ካለ መውጫው በግራ ነው።

መሀል ላይ ያሉት ኤክስፕረስ ሌኖች የሚያስከፍሉ ናቸው፤ መውጫቸውም ከዋናው መስመር ጋር አንድ አይደለም። ትሬይለር እዚያ አይፈቀድለትም። ሳታስቡት ከገባችሁ የምትፈልጉትን መውጫ አጥር ተሻግራችሁ እያያችሁት ታልፉታላችሁ።

አንዴ ካለፋችሁ፦ በ395 ላይ ኤድሳል ሮድ፣ ኤግዚት 2 ውጡ፤ በ395 ሳውዝ ተመልሳችሁ ወደ 95 ኖርዝ የሚለውን ታፔላ ተከተሉ። ኮሌጅ ፓርክን ካለፋችሁ በኤግዚት 28፣ ኒው ሃምፕሸር አቬኑ ውጡና ተመለሱ። የሚባክነው ጥቂት ደቂቃ ነው።

መውጫው ከዋናው መንገድ በሚለይበት ቦታ ነጭ መስመር የተሰመረበት ሦስት ማዕዘን ላይ አትቁሙ። ወደ ኋላም አትንዱ። መብራት አብርቶ ወደ ኋላ መንዳት ምንም አያድንም፤ ከኋላ በ65 ማይል የሚመጣው ትሬይለር እናንተን ለማየትም ለመቆምም ጊዜ የለውም። ለኤግዚት ብላችሁ ሦስት ሌን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚያጠፋው የራሱን መኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ይባል ነበር።

ይኸው ችግር ደላዌር ላይም አለ። «በ95 ኒው ዮርክ ሂድ» የተባለ ሹፌር ቁጥሩን አክብሮ ዊልሚንግተንና ፊላደልፊያ መሀል ይገባል። ለኒው ዮርክ ብዙው መኪና የሚሄደው በ295 ደላዌር ሜሞሪያል ድልድይን ተሻግሮ፣ ከዚያ ኒው ጀርሲ ተርንፓይክ የሚባለውን የሚያስከፍል ሀይዌይ ይዞ ነው። ተርንፓይኩ በደቡብ ክፍሉ 95 አይባልም። ስለዚህ ዲስፓቸር (ጭነት የሚመድብላችሁ ሰው) ቁጥር ብቻ ሲሰጣችሁ የመንገዱን ስም ጠይቁ። ደግሞም እስከ መስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ 95 በዚያ አካባቢ የተቆረጠ ነበር። በዚያ ወር በፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ በኩል ተቀጠለ፤ ወደ ትሬንተን አቅጣጫ የነበረው አሮጌው 95 ቁጥሩ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ 295 ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት የተጻፈ የመንገድ ወረቀት የያዘ ካለ ይቅደደው።

ብሪዝውድ፣ ፔንሲልቬንያ፦ ከሜሪላንድ በ70 ወደ ኦሃዮ ስትሄዱ ሀይዌዩ የትራፊክ መብራትና ነዳጅ ማደያ መሀል ያወጣችኋል። አልጠፋችሁም። መብራቶቹን አልፋችሁ ተርንፓይኩን ያዙ፤ ያም 70 ነው።

ችግር፦ «ቀለበቱ ላይ ኖርዝ ያለኝ ታፔላ ቆይቶ ኢስት፣ ከዚያ ሳውዝ አለኝ»

ቀለበት መንገድ ዞሮ የሚገጥም ስለሆነ አንድ የኮምፓስ አቅጣጫ ሊኖረው አይችልም። ዲሲ ቤልትዌይ ላይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ የሚዞረው ኢነር ሉፕ፣ ተቃራኒው አውተር ሉፕ ይባላል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ከተማው በቀኛችሁ ካለ ኢነር፣ በግራችሁ ካለ አውተር። ኢነር ሉፕን ይዞ ከስፕሪንግፊልድ የተነሳ ሰው በታይሰንስ በኩል 495 ኖርዝ፣ በቤተስዳና ሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ኢስት፣ ከኮሌጅ ፓርክ በኋላ 95 ሳውዝ ያነብባል። አንዴም አልታጠፈም። ዊልሰን ድልድይ ላይ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሻገር ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኑን እየወጋችው፣ ማለትም ወደ ምዕራብ እየነዳ፣ ታፔላው አሁንም «95 ሳውዝ» ይለዋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በምዕራቡ በኩል ኖርዝ ማለት ኢነር ሉፕ ነው፣ በምሥራቁ በኩል ግን ኖርዝ ማለት አውተር ሉፕ ነው። በሬዲዮ «ኢነር ሉፕ ላይ አደጋ አለ» ሲባል የራሳችሁን መስመር የምታውቁት በከተማው አቀማመጥ እንጂ በኖርዝና በሳውዝ አይደለም።

የመውጫ ቁጥሩ መዝለሉም አያስደንግጥ። በቨርጂንያ ምሥራቃዊ በኩል ኤግዚቱ በ95 ማይል ይቆጠራል፤ 173፣ 174፣ 176፣ 177 ብሎ ድልድዩን ሲሻገር ከ2 ይጀምራል። ሜሪላንድን ዙሮ 41 ይደርስና ቨርጂንያ በ43 ይቀጥላል።

ሚኒያፖሊስ ላይ ቀለበቱ ሁለት ቁጥር አለው፦ የደቡቡ 494፣ የሰሜኑ 694። ከ94 ጋር በሚገናኝበት ይቀያየራሉ። አትላንታ ላይ ቀለበቱ 285 ነው። ከ6 ጎማ በላይ ያለው ትራክ ቀለበቱ ውስጥ የሚጭንበት ወይም የሚያራግፍበት ቦታ ከሌለው 75 እና 85ን ይዞ መሀል ከተማ መግባት አይፈቀድለትም። የመኪና ጂፒኤስ ይህን አያውቅም። መሀል ከተማ ለሚገባው፦ 75 እና 85 አንድ ላይ ሄደው ሲለያዩ፣ ወደ ኖርዝ ብትሄዱም ወደ ሳውዝ 75 በግራ ነው፤ መሀል ላይ ተሻግረዋልና። ኤርፖርት የሚፈልግ በ85 ሳውዝ ቀኙን ይያዝ።

ችግር፦ «አንድ ምሰሶ ላይ ኖርዝና ሳውዝ አብረው ተሰቅለዋል»

ታፔላው አልተሳሳተም። ዊትቪል፣ ቨርጂንያ አጠገብ 77 ኖርዝ እና 81 ሳውዝ አንድ አስፋልት ናቸው፤ መኪናው የሚሄደው ወደ ምዕራብ ነው። ካሊፎርኒያ በርክሊ ላይ 80 ኢስት እና 580 ዌስት አብረው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ቺካጎ ላይ ወደ ሚልዋኪ፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ የሚሄደው 94 ዌስት ይባላል። አቅጣጫው የቁጥሩ እንጂ የመንገዱ ስላልሆነ፣ የምትፈልጉትን ቁጥር አቅጣጫ ብቻ አንብቡ፤ ኮምፓሱን ተዉት።

ችግር፦ «295 ተባልኩ፣ 295 ላይ ነኝ፣ ቦታው ግን የለም»

ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በአንድ ስቴት ውስጥ እንጂ በአገር ደረጃ አንድ ብቻ አይደለም። 295 በሪችመንድም፣ በዲሲም፣ በኒው ጀርሲም፣ በሜይንም አለ። የመጀመሪያው አሃዝ ተጋማሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጫፍ ከሌላ ኢንተርስቴት (ስቴቶችን ከሚያገናኘው ዋና ሀይዌይ) ይገናኛል፤ ጎዶሎ ከሆነ ገብቶ የሚያልቅ ነው። ስቴቱን ሳይጠይቅ የሚነሳ ሹፌር ግን ይህን ማወቁ አይረዳውም።

የዲሲው 295 የተለየ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ከቀለበቱ ሲጀምር ኢንተርስቴት 295 ነው፤ ቆይቶ ቁጥሩ የተጻፈበት የጋሻ ቅርጽ ታፔላ ይለወጥና ዲሲ 295፣ ከዚያ ሜሪላንድ 295፣ የባልቲሞር ዋሽንግተን ፓርክዌይ፣ ይሆናል። ቁጥሩ ሳይቀየር መንገዱ ተቀየረ። ከዲሲ እስከ ሜሪላንድ 175 ድረስ ያለው የፓርክዌዩ ክፍል ለትራክ የተከለከለ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የታፔላውን ቅርጽና ቀለም አንብቡ፤ ቀይና ሰማያዊ ጋሻ ከሌለው ኢንተርስቴት አይደለም። አረንጓዴ ጋሻ ደግሞ «ቢዝነስ» መስመር ነው፣ ወደ ከተማ ሱቅና መብራት ይወስዳል።

ችግር፦ «35 ለሁለት ተከፈለ»

ዳላስና ሚኒያፖሊስ ላይ 35 ኢ እና 35 ደብልዩ ይሆናል። በቴክሳስ ኢ ዳላስ፣ ደብልዩ ፎርት ዎርዝ ይሄዳል። በሚኒሶታ ኢ ሴንት ፖል፣ ደብልዩ ሚኒያፖሊስ። ፊደሏን የዘለለ ሌላ ከተማ ይደርሳል። ሴንት ፖል ውስጥ የ35 ኢ አንድ ክፍል ከ9,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን መኪና ዝግ ነው።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ ካንሳስ ሲቲ መሀል ላይ ኤግዚቱ ከ2ኤ እስከ 2ዋይ በፊደል ነው፤ ቁጥሩን ትታችሁ ፊደሉን ቁጠሩ። ዳላስ መሀል ያለው ኢንተርስቴት 345 ታፔላ የለውም፤ ከ45 ወደ ዩኤስ 75 (ከኢንተርስቴት 75 የተለየ ሀይዌይ ነው) ስትሻገሩ እሱ ላይ ናችሁ።