የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን ከግሱ ተነስቶ እንዴት መበተን ይቻላል?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚገባ ሰው ሳያስበው እንግሊዝኛ ያነባል፤ የሱቅ በር፣ የግቢ በር፣ የአጥር ቆርቆሮ ላይ ሁሉ ተጽፏል። ለሰዋስው መለማመጃ ይሄ በቂ ነው። አምስት ያህሉን ደብተር ላይ ይገልብጡ፤ ቀይ እስክሪብቶም ይያዙ።

መጀመሪያ ግሱን ፈልገው በቀይ ያስምሩበት። ብዙ ተማሪ ከስም ይጀምራል፤ ስም ግን ብቻውን ዓረፍተ ነገር አያቆምም። «ሃውስ ፎር ሬንት» የሚለውን እንውሰድ። ሃውስ ስም ነው፣ ፎር መስተዋድድ (ከስም በፊት ገብቶ ከሌላ ቃል ጋር የሚያያይዘው)፣ ሬንትም እዚህ ቦታ ላይ ስም ነው። ግስ ስለሌለው ሦስት ቃል ሆኖ ሳለ ዓረፍተ ነገር አይባልም። የፋርማሲ በር ላይ ያለው «ፑሽ» ግን ግስ ስለሆነ አንድ ቃል ቢሆንም ሙሉ ትእዛዛዊ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት፣ ማለትም ድርጊቱን የሚፈጽመው፣ ያልተጻፈው «ዩ» ነው።

ቀጥለው «ማን? ምን?» ብለው ባለቤቱን ይፈልጉ። እዚህ ላይ አማርኛችን ያሳስተናል። «መጣች» ስንል ባለቤቷ ግሱ ውስጥ አለች፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሺ ኬም» ማለት ግድ ነው። «ዘነበ» እንኳ «ኢት ሬይንድ» ይሆናል። በትእዛዝ ካልሆነ በቀር ባለቤትን መተው ስህተት ነው። ተሳቢ (ድርጊቱ የሚያርፍበት) ካለ ደግሞ ቦታው ከግሱ በኋላ ነው።

የቃል ክፍልን በቃሉ መልክ ብቻ አይፍረዱ፤ ቦታውን ይዩ። «አይ ወርክ ኢን ቃሊቲ» ላይ ወርክ ግስ ነው፤ ድርጊቱ ትናንት ቢሆን «ወርክድ» ይሆን ነበር። «ማይ ወርክ ስታርትስ ኧት ኤይት» ላይ ግን «ማይ» ስለቀደመው ስም ነው፤ ግሱ «ስታርትስ» ነው። በ«ሊ» የሚያልቅ ሁሉ ተውሳከ ግስ (ግስን የሚገልጽ ቃል) ነው ማለት አይደለም፦ «ኩዊክሊ» ተውሳከ ግስ ነው፣ «ፍሬንድሊ» ግን ቅጽል (ስምን የሚገልጽ)።

ከዓረፍተ ነገር ዓይነቶች ሐተታዊ (ነገርን የሚናገረው) እና አጋናኝ (ስሜትን የሚገልጸው) ብዙም አያስቸግሩም። የሚያደናቅፈው ጥያቄያዊው ነው። በአማርኛ ድምፅን ማንሳት ይበቃ ይሆናል፤ «ሺ ሊቭስ ኢን ሰበታ» ጥያቄ ሲሆን ግን «ደዝ» ፊት ይመጣና የግሱን «ስ» ይወስዳል፦ «ደዝ ሺ ሊቭ ኢን ሰበታ?» «ደዝ ሺ ሊቭስ» የሚል ካዩ ያርሙት።

በመጨረሻ መስተጻምሮችን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙ ቃላትን፣ ይቁጠሩ። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን መጣች» የማለት ልማድ ስላለን «ኦልዞ ኢት ሬይንድ፣ በት ሺ ኬም» ብለን እንጽፋለን፤ «ኦልዞ» (although) «ምንም እንኳ»፣ «በት» ደግሞ «ግን» ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን አብሮ አይቀበልም፤ ወይ «ኦልዞ»ን ወይ «በት»ን ይሰርዙ።