ነጠላው በየትኛው ትከሻ ነበር? ሾቶች አልገጥም ሲሉ

ሐዋሳ ላይ የተማሪዎች አጭር ፊልም እየሠራን ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልትገዛ ትሄድና የተኳረፈችውን ወንድሟን ታገኛለች። ሁለት ቀን ቀርጸን ደስ ብሎን ገባን። ኤዲቲንግ ስንጀምር ጉድ ፈላ። ልጅቷ «ለምን አልደወልክም?» ማለት ስትጀምር ነጠላዋ ግራ ትከሻዋ ላይ ነው። ሳትጨርሰው ሾቱ (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንዱ ቁራጭ) ተቀየረ፤ ነጠላው ቀኝ ትከሻዋ ላይ ተገኘ።

የእናንተም ሾት አልገጥም ካለ በሽታውን ከዚህ በታች ፈልጉት።

ልብስና ዕቃ ቦታ ይቀያይራል

ይሄ የመርሳት ችግር አይመስለኝም። ሁሉም «እገሌ ያየዋል» ብሎ ስለሚተወው ነው። ዳይሬክተሩ ትወናውን ያያል፣ ካሜራማኑ ፎከሱን። ነጠላውን የሚያይ የለም። ስለዚህ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው መድቡ። ሻይ አምጣ፣ ሪፍሌክተር ያዝ አይባልም። እያንዳንዱ ቴክ (ያው ሾት በተደጋገመ ቁጥር አንዱ ሙከራ) ሲጀመርም ሲያልቅም በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ብዙዎች መጀመሪያውን ያነሱና መጨረሻውን ይዘነጋሉ፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን መሃል ላይ ነው። ልጅቷ በየትኛው ቃል ላይ እጇን እንዳነሳችም ስክሪፕቱ ጠርዝ ላይ ይጻፍ።

ምግብ ካለ ይብሳል። እኛ ለእህትና ወንድሙ የተጠበሰ ዓሣ አቅርበን ነበር። አራተኛው ቴክ ላይ ዓሣው አጥንት ሆኗል። ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ ከአጥንቱ ቀጥሎ ሙሉ ዓሣ መጣ። የተበላ ዓሣ መልሶ አይገጣጠምም! ሰፊውን ሾት፣ ሁሉን ከራቅ ብሎ የሚያሳየውን፣ ዓሣው ሙሉ ሳለ ቅረጹ። ተዋናዮቹ ጫፉን ይቆንጥሩ እንጂ አይብሉ። አንድ ትርፍ ዓሣም ግዙ፤ ሲያልቅ ቡድኑ ስለሚበላው አይባክንም። ቡና ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ስኒ ውስጡን አያሳይም። በብርጭቆ የመጣ ማኪያቶ ግን አረፋው ያጋልጣችኋል።

የሚያወሩት ሰዎች የሚተያዩ አይመስሉም

ሁለቱም ወደ ቀኝ እያዩ የሚያወሩ ከሆነ ካሜራው መስመር ተሻግሯል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የተዘረጋ ገመድ አለ ብላችሁ አስቡ። ካሜራው ከገመዱ በአንዱ ወገን፣ በ180 ዲግሪው ውስጥ እስከቆየ ድረስ እሷ ሁሌ ወደ ቀኝ፣ እሱ ሁሌ ወደ ግራ ያያል። ሐይቅ ዳር ይህን መጠበቅ ቀላል ነው። ተዋናዮቹ ዳርቻውን ተከትለው ፊት ለፊት ይቁሙ፤ ካሜራው ከከተማው በኩል ይሁን። በሁሉም ሾት ከጀርባ ውኃው ይታይ። በአንዱ ሐይቅ፣ በሌላው ባጃጅና ሱቅ ከታየ ተሻግራችኋል።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ብታውቁትስ? ምስሉን እንደ መስታወት መገልበጥ ይቻላል። ከጀርባ ታፔላ ካለ ግን ፊደሉ ተገልብጦ ጉድ ያደርጋችኋል። የሚሻለው በሁለቱ ሾት መሃል ሌላ ነገር ማስገባት ነው፤ ጀልባ፣ መረብ፣ እጅ።

ብርሃኑ በአንድ ወሬ ውስጥ ሦስቴ ይቀየራል

ሐዋሳ ላይ በጣም ያሰቃየን ይሄ ነው። ከተማው የሚገኘው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደ ውኃው ስትቀርጹ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ከ10 ሰዓት በኋላ ከውኃው በላይ ሆና ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። 6 ሰዓት ላይ አናት ላይ ትወጣና ዓይን ስር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጠዋት 2 ሰዓት የጀመራችሁትን ንግግር ከሰዓት ከጨረሳችሁት የሁለት ቀን ወሬ ይመስላል። አሞራ ገደል ላይ ግርግሩም የጠዋት ነው፤ ቆይታችሁ ብትመለሱ ጀርባው ሌላ ቦታ መስሎ ይጠብቃችኋል።

በስክሪፕቱ ተራ መቅረጹን ተዉት፤ በፀሐይዋ ተራ ቅረጹ። ጀልባዎቹ የሚታዩበትን ሰፊ ሾት ጠዋት ጨርሱ። ተዋናዮቹ ከመጀመሪያው ዛፍ ጥላ ስር ይቁሙ። ጥላ ውስጥ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቶሎ አይለዋወጥም፤ የቅርብ ሾቶቹን እዚያው ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። ደመና መጣ ሄደ ካለም የሚያድናችሁ ያው ጥላ ነው።

ፀሐይዋ እያለች የፊት ቀለም አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሰማያዊ ከሆነ ጥፋቱ የምትቀርጹበት ስልክ ነው፤ ቀለሙን በራሱ ጊዜ ያስተካክላል። በካሜራው ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ በምታስተካክሉበት) ገብታችሁ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ሚዛኑን፣ ለቀን ብርሃን 5600 ኬልቪን አካባቢ እሰሩት። ብርሃኑንና ፎከሱን ደግሞ ስክሪኑን ተጭኖ በመያዝ በብዙ ስልኮች መቆለፍ ይቻላል። ቤት ውስጥ አምፖል ስር ምስሉ የሚርገበገብ ከሆነ የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት፤ የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው።

ሾቱ ይዘላል

ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ስፋት የተቀረጹ ሁለት ሾቶችን ስታገናኙ ሰውየው የዘለለ ይመስላል። ካሜራውን ቢያንስ 30 ዲግሪ አዙሩ፣ ስፋቱንም ቀይሩ። እንቅስቃሴ ካለ፣ ለምሳሌ መቀመጥ፣ በሁለቱም ሾት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደገም። ከዚያ ግማሹ ላይ ቁረጡት። ዓይን እንቅስቃሴውን ስለሚከተል ቁርጡን አያይም።

ድምፁ ይቆራረጣል

በአንዱ ሾት ባጃጅ ያልፋል፣ በሌላው ጸጥ ይላል። ከየቦታው ሳትለቁ ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ኤዲተሩ ከሥሩ ያነጥፈዋል።

የኛ ነጠላስ? ልጅቷን መልሰን መቅረጽ አልቻልንም፤ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። መሃል ላይ ሐይቅ ዳር የቆመ አባ ኮዳ ለሁለት ሰከንድ አስገባንና አለፍነው። ፊልሙ ሲታይ አንድ ተመልካች እጁን አውጥቶ «ወፉ የምን ምሳሌ ነው?» አለ። ዳይሬክተራችን ማይኩን ተቀብሎ አምስት ደቂቃ ያህል አብራራ።