ከባድ ክብደት ያላቸውን ሪዚደንቶች ብቻችሁን አታንሱ

አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መኖሪያ) ውስጥ ሪዚደንቶችን፣ ማለትም እዚያ የሚኖሩትን ታካሚዎች፣ እየተንከባከባችሁ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) የምትሠሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ በጉልበታችሁ አትመኩ። የአገሪቱ የሥራ ጤንነት ተቋም ናዮሽ በእጅ የሚነሳው የታካሚ ክብደት ከ35 ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። የሰው አንድ እግር የሰውነቱን ክብደት 16 በመቶ ያህል ይይዛል። ስለዚህ 300 ፓውንድ የሚመዝኑ ሴትዮ አንድ እግራቸው ብቻ ወደ 48 ፓውንድ ይጠጋል። ለማጠብ እግር ቀና ማድረግ እንኳ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ሺፍት ስትገቡ ኬር ፕላኑን (የእያንዳንዱን ታካሚ የእንክብካቤ ዕቅድ) እዩ፤ ለማንሳት ስንት ሰው፣ የትኛው ስሊንግ (የማንሻ ጨርቅ) እንደሚያስፈልግ እዚያ አለ። ከዚያ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ አንብቡ። ሆየር ሊፍቱ (ሰው ማንሻ መሣሪያው) 600 ፓውንድ ቢችልም የምታስቀምጡበት ዊልቸር 300 ብቻ ከሆነ ትርፉ መውደቅ ነው። የመጸዳጃ ወንበሩንም እንዳትረሱ።

ቆዳው ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ከጡት ሥር፣ ከሆድ እጥፋት ሥርና ብሽሽት ላይ ላብ ይጠራቀማል፣ ፈንገስ ይወጣል፣ ቆዳው ይላጣል። አንዳችሁ እጥፋቱን በቀስታ ደግፋችሁ ያዙ፣ ሌላው ለብ ባለ ውኃ ይጠብ፣ ከዚያ ሳይፈትግ በለስላሳ ፎጣ ጫን ጫን እያደረገ ያድርቅ። ፓውደር አትነስንሱ፤ ከላቡ ጋር ይቦካና ቆዳውን ይባስ ይፈትገዋል። የካቴተር (የሽንት ማስወጫ) ቱቦ ወይም የቲቪ ሪሞት እጥፋት ውስጥ ተቀርቅሮ ቁስል ሊያወጣ ይችላልና በእጃችሁ ዳብሱ። መቅላት ወይም ሽታ ካለ ለነርሷ ወዲያው ተናገሩ።

በጀርባ ዘርጋ አድርጎ ማስተኛት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሆዱ ሳንባን ወደ ላይ ይገፋዋልና። ስለዚህ ብሪፉን (የአዋቂ ዳይፐሩን)፣ አንሶላውን፣ ሁሉን ነገር አጠገባችሁ አዘጋጅታችሁ ቶሎ ጨርሱና የአልጋውን ራስጌ መልሱት። የደም ግፊት ስትለኩም ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ማሰሪያ ሰፊውን ተጠቀሙ፤ ጠባቡ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፦ በር ላይ ቆሞ «ለእሳቸው አራት ሰው አምጡ» ብሎ መጮህ። ይሰማሉ እኮ! እርዳታ በቀስታ ጥሩ፣ እሳቸውንም በየትኛው ጎን መዞር እንደሚቀላቸው ጠይቁ፣ ከቻሉ የአልጋውን የጎን መያዣ ብረት ይዘው ያግዟችሁ።

ሰው የለም ከተባላችሁ ለቻርጅ ነርሷ (ለሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) ተናግራችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ረዳት እስኪመጣ ድረስ ለምን እንደሚጠብቁ ለሪዚደንቷ ንገሯቸው፣ የመጥሪያውን ደወልም እጃቸው ላይ አድርጉላቸው።