በአዲስ አበባ ዳርቻ የመጀመሪያ ልጅን ለመውለድ መዘጋጀት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖርን ሳለ ነው። ምጡ የያዘኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ እኔና ባለቤቴ የሕፃኑን ልብስ አጥበንና አጣጥፈን ብንጨርስም፣ በዚያ ሰዓት ማን መኪና እንደሚያመጣልን ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ባለቤቴ በጨለማ ወርዶ ዘበኛውን ቀሰቀሰ፤ ዘበኛው የአንድ ባለ ሚኒባስ ጎረቤት በር አንኳኳ፤ እኔም ምጡ በመጣ ቁጥር የደረጃውን ብረት እየጨበጥኩ ወረድኩ። በሰላም ተገላግያለሁ። ይሁን እንጂ ያን ሌሊት የፈራሁት ከምጡ ይልቅ መንገዱን ስለነበር፣ እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ ባሉ ሰፈሮች ሆና የበኩር ልጇን ለምትጠብቅ እህቴ የምጽፈው ይህ መመሪያ መቼ ከቤት እንደሚወጣና በምን እንደሚኬድ አስቀድሞ በመወሰን ላይ ያተኩራል።

ቀኑን ማስላትና አስቀድሞ መሰናዳት

የመውለጃ ቀንሽን ለመገመት የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ዕለት ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ትደምሪያለሽ። በመካከሉ ጳጉሜን ካለፈች የምትደምሪው 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። ለምሳሌ የወር አበባዋ ታኅሣሥ 3 የጀመረ ሴት ቀኗ መስከረም 8 ገደማ ነው። በዚያው ዕለት የሚወለዱት ሕፃናት ጥቂቶች ናቸው፤ ከ37 ሳምንት በኋላና 42 ሳምንት ሳይሞላ የሚመጣ ምጥ ጊዜውን የጠበቀ ስለሆነ፣ ዝግጅቱ ሁሉ ከተገመተው ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ ማለቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት የመጓጓዣው ጉዳይ ይወሰን። በሌሊት ሊነሱ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ባለ መኪኖችን ስልክ ያዢ፤ አንዱ ባይገኝ ሌላው ይኖራልና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939 ነው፤ ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ የራሱ አምቡላንስ እንዳለው ጠይቀሽ የእሱንም ቁጥር ጨምረሽ በትልቅ ጽሑፍ በሩ አጠገብ ለጥፊ። ለባለቤትሽም፣ ለጎረቤትሽም፣ ለዘበኛውም አሳይያቸው። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች የብሎክ ቁጥሩ በጨለማ ስለማይታይ፣ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ በምልክት መናገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። መንገዱንም አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በምሽት ሂጂበትና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ተመልከቺ።

ቀጥሎ የት እንደምትወልጂ ነው። እርግዝናዋ ችግር ለሌለበት ሴት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ በቂ ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሆኖም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ስለምትባዪ፣ ሪፈሩ ወዴት እንደሚሆን ከወዲሁ እወቂ። ለእኛ ሰፈር ቅርቡ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነበር። የደም ዓይነትሽን መዝግበሽ ያዢ፣ ደም ሊሰጥ የሚችል ዘመድም አዘጋጂ። የደም ዓይነትሽ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነና የልጁ ደም አርኤች ፖዘቲቭ ከሆነ፣ አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊሰጥሽ ስለሚገባ ይህን ለአዋላጇ ሳትጠየቂ ንገሪያት።

በቦርሳው ውስጥ የክትትል ካርድሽ፣ ሞዴስ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ፣ ለሕፃኑ ልብስ፣ ኮፍያና ንጹሕ ፎጣ፣ የስልክ ቻርጀር፣ እንዲሁም ለመድኃኒትና ለመኪና የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ይኑሩ።

ምጥን ማወቅ

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆድ አልፎ አልፎ ይጠነክራል፤ ይህ የውሸት ምጥ ስትነሺና ስትራመጂ ወይም ውኃ ጠጥተሽ ስታርፊ ይተዋል። እውነተኛው ምጥ ግን አይተውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ ተነሥቶ ወደ ፊት ይዞራል፣ ሆድን እንደ ድንጋይ ያጠነክርና ይለቃል፣ ከዚያም እየቀረበ፣ እየረዘመና እየበረታ ይሄዳል። ደም የነካው ዝልግልግ ፈሳሽ መታየትም የማህፀን በር መከፈት መጀመሩን ያመለክታል፤ ነገር ግን ምጡ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትደንግጪ።

የምጡን ጊዜ በስልክሽ ሰዓት ለኪ፦ የአንዱ ምጥ መጀመሪያ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅና አንዱ ምጥ ስንት ሰኮንድ እንደሚቆይ። የተለመደው ምክር በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ አንድ ደቂቃ እየቆየ፣ ይህም ለአንድ ሰዓት ሲቀጥል ከቤት መውጣት ነው። ይህ ምክር ጤና ጣቢያው በእግር ለሚደረስበት ሰው ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ መንገዱ ረጅም፣ ሰዓቱም ሌሊት ለሆነባት የከተማ ዳር ሴት ግን ዘግይቷል እላለሁ። በየ10 ደቂቃው መመላለስ ሲጀምር ለባለ መኪናው ደውይ፤ ወደ 7 ወይም 8 ደቂቃ ሲቀርብ ተነሺ። ከደረጃው መውረድ ብቻውን ሩብ ሰዓት ሊወስድብሽ ይችላል።

ቀድሞ መድረስም የራሱ ችግር አለው። እኔን የተቀበለኝ ጤና ጣቢያ የማህፀን በሩ የተከፈተው ገና 2 ሴንቲሜትር ነው ብሎ ወደ ቤቴ እንድመለስ ነግሮኝ ነበር፤ በዚያ ሌሊት ወዴት እንደምመለስ የጠየቀኝ አልነበረም። ይህ ከደረሰብሽ ከየት እንደመጣሽና መኪና እንደሌለሽ አስረድተሽ በግቢው ውስጥ እየተራመድሽ ለመቆየት ለምኚ። ጤና ጣቢያው አጠገብ ዘመድ ካለሽ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ቀናት እዚያ ማሳለፍ ከሁሉ ይሻላል።

ምጥ ሳትጠብቂ ወዲያውኑ የምትሄጂባቸው ምልክቶች አሉ። የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ሕመም ባይኖርም ሰዓቱንና መልኩን አስተውለሽ ሂጂ፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሕፃኑ በማህፀን ውስጥ ካካ ብሏል ማለት ስለሆነ የበለጠ ፍጠኚ። እንደ ወር አበባ የሚፈስ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መፍዘዝ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ አንዳቸውም እስኪነጋ አይጠበቁም። የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ከመጣ ቤተሰብ በጎን አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ያድርስ። ምጥ ያፋጥናል ተብሎ በቤት የሚሰጥን መድኃኒት አትቀበዪ፣ ሆድሽንም ማንም እንዲያሸው አትፍቀጂ። የሚመክሩሽ እናቶች ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአክብሮት እንቢ ማለት ግን ይቻላል።

በማዋለጃ ክፍል

አዋላጇ የሕፃኑን የልብ ምት ታዳምጣለች፣ የማህፀን በር መከፈቱንም በየ4 ሰዓቱ ገደማ በእጇ ትመረምራለች። እስከ 5 ሴንቲሜትር ያለው ጊዜ ቁርጥ ያለ ልክ የለውም፤ ለመጀመሪያ ወላድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያለው ብዙውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከ6 ሰዓት በኋላ «4 ነው» ስባል ተስፋ ባልቆረጥኩ ነበር። እስከቻልሽ ድረስ ተራመጂ፣ በጎንሽ ተኚ፣ ተንበርከኪ፤ ጀርባ ላይ ብቻ መተኛት ግዴታ አይደለም። ሐኪም ካልከለከለሽ ቀለል ያለ ምግብና አጥሚት ውሰጂ፣ ሽንትሽንም ቶሎ ቶሎ ሽኚ። ምጡ ሲመጣ በአፍንጫ ስበሽ በአፍ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። «ማርያም፣ ማርያም» ብለሽ ብትጮኺ ነውር የለውም፤ ማንም ሊቆጣሽ አይገባም። ባልሽ ወይም እናትሽ አብረውሽ እንዲሆኑ ጠይቂ፤ ቦታ የለም ቢባልም ደግመሽ ጠይቂ፣ አጠገብ ያለ የራስ ሰው ብርታት ነውና።

በሩ 10 ሴንቲሜትር ሲከፈት ሰገራ የመጣ ያህል የማማጥ ስሜት ይገፋፋሻል። ከዚያ በፊት በግድ አትግፊ፤ ጉልበትሽ ያልቃል። ይህ ክፍል በመጀመሪያ ወሊድ እስከ 3 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ጭንቅላቱ ሊወጣ ሲል አዋላጇ «አይዞሽ የኔ እናት፣ አሁን አትግፊ» ስትልሽ አፍሽን ከፍተሽ በአጭር በአጭሩ ተንፍሺ፤ እንዳትቀደጂ የሚረዳሽ ይህ ነው።

ልጁ እንደተወለደ ተጠርጎ በደረትሽ ላይ ራቁቱን ይቀመጥ፤ ገላሽ ያሞቀዋል። እትብቱ ከ1 ደቂቃ በኋላ ቢቆረጥ ለሕፃኑ ደም ይጨምርለታል። ለአንቺ ማህፀን የሚያኮማትር መርፌ ትወጊያለሽ፤ የእንግዴ ልጁም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት አጥቢው። ቢጫውን እንገር አትድፊው፤ መጀመሪያ ከበሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው። ቅቤም ሆነ የስኳር ውኃ በአፉ አይግባ፣ እትብቱም ላይ ምንም አይቀባ። የባለቤቴ እናት ቅቤ ይዘው መጥተው ነበር፤ አዋላጇ «እማማ፣ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን» ስትላቸው በደስታ ተስማሙ።

ከወሊድ በኋላ ያለው አንድ ቀን ብዙ ሰው የሚያቃልለው፣ ለእናት ግን እጅግ አደገኛው ጊዜ ነው። ስለዚህ 24 ሰዓት ሳይሞላሽ አትውጪ፤ ቤትሽ ሩቅ መሆኑን ምክንያት አድርገሽ ተከራከሪ። ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ከዞረብሽ ወይም ዓይንሽ ከጨለመ ወዲያው ጥሪ። ሕፃኑ የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባቱን መውሰዱን አረጋግጪ። ቤት ስትደርሱ ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው፣ አንቺም በየፎቁ እያረፍሽ ውጪ፤ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ለምርመራ ተመለሺ። ልደቱ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ጤና ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጥሻል፤ ሩቅ መንገድ ለወረቀት ብቻ እንዳትመላለሺ፣ እሱን ሳትቀበዪ ከግቢው አትውጪ።