ሴቲንግ ተነክቶ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፦ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ይህን ሞክሩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የማይነሳ ላፕቶፕ ይዛችሁ ጥገና ቤት ስትገቡ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሰሙት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ቆይ በሉ። ትናንት ሲሠራ የዋለ ኮምፒውተር ሴቲንግ ስለተነካ ብቻ አልነሳ ካለ፣ ፋይላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። የመመረቂያ ጽሑፍና የሱቅ ሒሳብ በማያስፈልግ ፎርማት ድራሹ ሲጠፋ ያንገበግባል። አብሽሩ፣ የተቀየረውን ወደነበረበት እንመልሰው።

መጀመሪያ ምን እንደተነካ አስታውሱ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ ነበር? ወይስ «ኮምፒውተር ማፍጠኛ» የሚል ቪዲዮ አይታችሁ ዊንዶውስ ላይ የሆነ ነገር ቀየራችሁ? ሌላ የቤት ሰው ነክቶት ከሆነ ሳትቆጡ ጠይቁ፤ ከተቆጣችሁ እውነቱን አይነግራችሁም።

ባዮስ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩን እንዳበራችሁ ኤፍ2 ወይም ዲሊትን ደጋግማችሁ ንኩ። ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ነው። ከገባችሁ በኋላ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው ቡት ሞድ፣ ማለትም የአነሳሱ ዓይነት ነው፤ ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ አነሳስ) ተጭኖ ሳለ ወደ ሌጋሲ (ወደ አሮጌው) ከተቀየረ ዲስኩ እያለ «ቡት ዲቫይስ የለም» ይላል። ሁለተኛው ሳታ ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው፤ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ከዞረ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። የቀየራችሁትን ብቻ መልሳችሁ ሴቭ አድርጉ። «ሎድ ዲፎልት» (ሁሉን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መመለሻ) የሚለውን አትቸኩሉበት። እሱ ራሱ ሳታ ሞዱን ሊቀይረው ይችላል።

ማንም ሳይነካው ሴቲንጉ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። እኛ ጋ መብራት ሄድ መለስ ይላል። ዴስክቶፑ የቆየ ከሆነና መብራት ከሄደ በኋላ አልነሳ ካለ፣ ባዮስ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ ባትሪ ታገኛላችሁ። ላዩ ላይ ሲአር2032 ተብሎ ተጽፏል፤ 3 ቮልት ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን ቀጭን ብረት በጥፍራችሁ ገፋ ስታደርጓት ብድግ ይላል። አዲሱን ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡና ቀኑንና ሴቲንጉን አስተካክሉ።

የተነካው ዊንዶውስ ከሆነ፣ አብሩትና አርማው ሲመጣ የማብሪያ ቁልፉን እስኪጠፋ ተጫኑ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደግሙት የጥገናው ገጽ ይመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት እያላችሁ ግቡ። ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ንኩ፤ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ሁኔታ ይከፈታል። እዚያ ኤምኤስኮንፊግን (msconfig፣ የዊንዶውስን አነሳስ ማስተካከያ) ፈልጋችሁ ክፈቱ። ቡት በሚለው ስር አድቫንስድ ውስጥ የፕሮሰሰር ቁጥር ወይም ማክሲመም ሜሞሪ ላይ ምልክት ካለ አንሱት። እነዚያ የማፍጠኛ ቪዲዮዎች ይህንኑ ነው የሚያስነኩት፤ ዊንዶውስ ግን ሳይነገረውም ያለውን ሁሉ ይጠቀማል።

ሴፍ ሞድም እምቢ ካለ፣ እዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ሲስተም ሪስቶር አለ። ከለውጡ በፊት ያለ ቀን ካሳያችሁ ምረጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ያነሳል፣ ሰነዳችሁንና ፎቶአችሁን አይነካም። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚል ነገር ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። እሱ ሁሉን ያጠፋል።

በዚህ መሃል ባለ 48 አሃዝ የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ ላፕቶፑ ላይ የምትጠቀሙበትን የማይክሮሶፍት አካውንት በስልክ ክፈቱ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተቀምጧል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ስትሰጡት ግን «መጀመሪያ ዲስኩን አውጥተህ ፋይሉን ገልብጥልኝ» በሉት። የተገለበጠውን ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሳታዩ ፎርማቱን አትፍቀዱ።