በረታችሁ ዝንብ ከበዛበት መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ፍጉን እዩ

ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃታማ በመሆኗ፣ ከብት በሚደለብበት ግቢ የቤት ዝንብ ከእንቁላል ተነሥቶ ቶሎ ለመብረር ይደርሳል። ተርብ ሲባል ጭስ ለማጨስ ብንቸኩልም፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝምና ሰውንም ከብትንም የማትነድፍ አንዲት ጥቁር ተርብ በፍጉ ውስጥ እየተሹለከለከች፣ የዝንቡ እጭ ራሱን በዘጋበት ቅርፊት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የምትፈለፈለውም ልጇ ዝንቡን በዚያው ቅርፊት ውስጥ በልታ ትጨርሰዋለች።

መኖሯን ለማረጋገጥ ከፍጉ ደረቅ ዳር ጥቂት አንሥታችሁ በትኑት፤ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ቀይ ቡናማ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ጫፉ እንደ ክዳን ተከፍቶ ከሆነ ዝንቡ ወጥቶ ሄዷል፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ካለው ግን የወጣችው ተርቧ ናት።

ቀዳዳውን ካያችሁ ፀረ ተባይ መድኃኒት በፍጉ ላይ አትርጩ፤ ግድ ከሆነ ዝንቡ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ብቻ ይሁን። ተርቧ የምትራባው ከዝንቡ በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ ብቻዋን አትችለውም፤ በመሆኑም እርጥቡን እበት በየሳምንቱ እየጠረጋችሁ፣ ከአሮጌውና ከደረቀው ፍግ ጥቂቱን ውሃ በማይደርስበት ጥግ ተዉላት።