ጋራው ሊከለል ነው ሲሏችሁ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ደጋው ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልማት ሰራተኛው ስብሰባ ይጠራል፣ "ጋራው ይከለል ከብት አይግባ" ይባላል፣ እጅ ይወጣል፣ አለቀ። መከለሉን አልጠላም፣ ሳሩም ያገግማል አፈሩም አይሸረሸርም። ግን አራት በሬ ያለው ሰውዬና ጭራሮ ለቅማ ገበያ የምታወርድ ባሏ የሞተባት ሴትዮ እኩል አይጎዱም፣ እሱ ገለባ ገዝቶ ይከርማል እሷስ?

ስለዚህ መጀመሪያ "መቼ ይከፈታል?" በሉ። ሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ የሳር ምድር ይሄን ያህል ዘመን የቆየው ስለተዘጋ ብቻ አይደለም፣ ቄሮ በሚባለው የአገሬው የድሮ የጥበቃ ስርአት ለአመታት ተዘግቶ ከዛ ደግሞ በጋ ላይ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ የሚባለው ሳር ይታጨድ ስለነበር ነው፣ ቀኑን የሚቆርጡትም የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በ1967 የመሬት አዋጅ ስርአቱ ሲፈርስ ሁሉም እንደፈለገ ገባበት፣ ሳሩ ተጎዳ። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ቱሪስት የሚመጣው በኋላ ማህበረሰቡ እንደገና ጥበቃውን ስለያዘው ነው። የመክፈቻ ጊዜ የሌለው ክልከላ ሰውን የሌሊት ሌባ ነው የሚያደርገው።

ቀጥሎ የሳሩ ክፍፍል፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። "በከብት ቁጥር" ከተባለ ሀብታሙ ጠቅልሎ ወሰደው ማለት ነው፣ "በአባወራ" ቢባልም ትዳር ይዞ መሬት ያላገኘው ወጣት መዝገብ ላይ ስለሌለ ይቀራል። በእማወራም በአባወራም እኩል ይሁን፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶችም በስም ይጻፉ በሉ፣ ከብት የሌላት ድርሻዋን ሸጣ እንድትጠቀም ደንቡ ይፍቀድ። የደረቀ እንጨትና ኩበት መልቀም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውም ይጻፍ፣ ካልተጻፈ እንደ ጥበቃው ፀባይ ነው የሚሆነው 😅

የጥበቃው ደሞዝ ከየት እንደሚመጣ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነና ያለ ደረሰኝ እንደማይከፈልም አስጽፉ። ጥበቃው መሬት ከሌላቸው ወጣቶች ቢመረጥ ደግሞ አሪፍ ነው።

ስብሰባው በገበያ ቀን ከሆነ ይቀየርልን በሉ፣ እንጨት ሻጮቹ የዛን ቀን የሉማ!

የይዞታ ደብተር የወጣለት ማሳችሁ የሚከለለው ቦታ ውስጥ ከገባ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የወል ግጦሽ ጋር አትደባልቁት። ለህዝብ ጥቅም ተብሎ የሚወሰድ ይዞታ በአዋጅ 1161/2011 ካሳ አለው፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወረዳ መሬት ጽህፈት ቤት ሂዱና ጥያቄያችሁን በጽሁፍ አስገቡ። ቃለ ጉባኤውንም ማህተም ከተመታ በኋላ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ሁሉም ገጽ ይነሳ።